አባ ድማሚት እና የተገመሰው ገደል

ሰፈሩ በሙሉ አባ ድማሚት ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በድንጋይ ካባው ሲሠራ ዓለት እየበሳ ድማሚት ቀብሯል፣ ክሩን ለኩሶ ሮጧል። ጆሮው የደከመውም በዚያው ነው። "ቀስ ብለሽ ንገሪኝ" ሲላት ሚስቱ፣ "ጮኼም አልሰማኸኝ!" ትለዋለች።

ካባው ተዘግቶ ቦታው ለጎብኚ ሲከፈት፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም ተብሎ ዘበኛ ሆነ። ፊሽካና ሰደርያ ሰጡት። ሥራው ቀላል ነው፤ ሰው ወደ ጠርዙ እንዳይጠጋ መጠበቅ። ጣጣው መቀመጡ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ቀና ብሎ ያላየውን ገደል አሁን ሲያየው ይውላል። ድሮ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ዓለት ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ምሰሶ ሆኖ ተደርድሯል። ወንዙ ያንን ሰንጥቆ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይጥመለመላል። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ጥቁሩ ድንጋይ ወይን ጠጅ ይመስላል። በስተግራ ግን ግድግዳው ጥርሱ እንደረገፈ ድድ ባዶ ነው፤ ናዳው ወንዙን አጥብቦታል።

አንድ ቀን ተማሪዎቿን ይዛ የመጣች መምህርት ወደዚያ ጠቆመች።

"ጋሼ፣ ያኛውን ምን ነካው?"

"ጎርፍ ነው" አለ ፊቱን አዙሮ።

"ልጆች፣ ጎርፍ ነው፤ ጻፉ!" አለች። አርባ ተማሪ አቀርቅሮ ጻፈ። አባ ድማሚት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

"ድንጋይ አይደል እንዴ? ልጆቻችንን አሳድገንበታል። ምኑ ያሳፍራል?" አለችው። ገደሉን አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

በማግስቱ ይዟት ሄደ። አጥሩን ተደግፋ ብዙ ቆየች። የሚያጽናናው ቃል ይወጣት እንደሆነ እየጠበቀ አጠገቧ ቆመ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን እያየህ ነው ያፈረስከው?"

"አላየሁትም። እውነቴን ነው፤ ለእኔ ጠጠር ነበር።"

"እሱ ይብሳል" አለችው።

ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችው። በሳምንቱ የመምህርቷን ትምህርት ቤት አጠያይቆ ሄደና ኮፍያውን አውልቆ ተማሪዎቹ ፊት ቆመ።

"ጎርፍ አይደለም። እኔ ነኝ" አለ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ለምን አፈረሱት?"

"ለጠጠር።"

መምህርቷ ልታጽናናው ብላ፣ "መንገድም ያስፈልጋል እኮ፣ ጋሼ" አለች። አንገቱን እንደ ደፋ ወጣ።

ዛሬም ዘበኛ ነው። ስለዚያ ክፍት ቦታ የጠየቀውን ሁሉ "እኔ ነኝ" ይለዋል። ቀልድ መስሏቸው የሚስቁ አሉ። እሱ አብሯቸው አይስቅም፤ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ እስኪያልፉ ይጠብቃል።