እትዬ ብርቄ ጠበል የረጩት ኮምፒውተር

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌንም፣ ሰው ማማቴንም ተናግሬያለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለሚስቴም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ስለማታውቁኝ ይሆናል ዛሬ ለእናንተ አፌ የተፈታው።

ላሊበላ ውስጥ ኮምፒውተር በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ያለን ኮምፒውተር አንድ ነው። አንድ ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ሃርድ ዲስኩን ፈታሁና ዘፈን ልገለብጥበት ጓደኛዬ ቪዲዮ ቤት ይዤው ሄድኩ። ማንም አልፈቀደልኝም። ሰኞ ጠዋት ሰው ሳይገባ ቀድሜ ገብቼ መልሼ ገጠምኩት።

ማሽኑ አልነሣ አለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሃርድ ዲስክ የለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ። እንዴት ነው የሌለው? አሁን በእጄ የገጠምኩት አይደል? ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። በሌላ ገመድ ቀየርኩ። ሚሞሪውን አውጥቼ በላጲስ ጠረግሁ። ጆሮዬን ስደቅንበት ሃርድ ዲስኩ ሲሽከረከር ይሰማኛል፤ ማሽኑ ግን አላየሁም ይላል። ማክሰኞም እንዲሁ ዋለ። ንዴት አንገቴ ድረስ ደረሰ። ውስጡ የእርዳታ ስንዴ ተቀባዮች ስም ዝርዝር አለ፤ ኃላፊው በየሰዓቱ በሩን ከፍቶ “እህስ?” ይለኛል።

ረቡዕ ግን “ማነው የነካው?” አለ።

እኔ ነኝ የነካሁት። እኔ ነኝ የፈታሁት። “ውሃ ሳይገባበት አይቀርም” አልኩ።

ለምን ውሃ አልኩ? የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ብርቄ ወር በገባ በልደታ ጠበል በሃይላንድ እያመጡ የቢሮውን ማዕዘን ሁሉ እንደሚረጩ ስለማውቅ ነው። ኮምፒውተሩንም “ዓይን እንዳይበላው” እያሉ አይዘሉትም። ያ ሰኞ ልደታ ነበር። ሁለት ጠብታ ቢያርፍበት ነው፤ ክዳኑንም አያልፍም። ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዓርብ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ጊዜ ሠራተኛ ሁሉ እየተነሣ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ጥፋቱን በራሱ አንደበት ይናገራል። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለበጎ ብዬ ነበር፤ አላወቅሁም” አሉ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆች በዚያች ሥራ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ምን ነበር ያን ጊዜ ብናገር? ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና “ሰዓት አላከብርም፣ አሻሽላለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዓት አልኩ እኮ። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ።

በሳምንቱ ሃርድ ዲስኩን ወልዲያ ወስጄ ላስጠግነው ብዬ ስፈታው ከኋላው ያለችውን፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህለውን መሰኪያ አየኋት። ከጓደኛዬ ማሽን ጋር እንዲሠራ ብዬ ቦታዋን ቀይሬ ሳልመልሳት ቀርቻለሁ። መለስኳት፤ ማሽኑ ወዲያው ተነሣ። አንድም ስም አልጠፋም። ኃላፊው በሰው ፊት አመሰገነኝ። የስንብት ደብዳቤው ገና ሳምንቱ ነው፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ይመለሱ ነበር። አልተነፈስኩም። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም። አፍሬ ነው። ለእኔ ኀፍረት ሲባል የእሳቸው እንጀራ ተዘጋ። ይህን በምን ላስተባብለው? አላስተባብልም።

ከዓመት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ትንሽ ገብስ ዘርግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዞር ልል ስል ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ያ ዕቃ ዳነ?”

“ድኗል፣ እትዬ።”

“እሰይ። እኔስ ከዚያ ወዲህ ጠበል ነክቼ አላውቅም። እጄ ቢረክስ ነው እንጂ ጠበል መቼ ያጠፋል?” አሉ። ቀጥለው መሬቱን ተመርኩዘው ተነሡና ዝቅ አሉልኝ። “አንተንም አስጨነቅሁህ። ይቅር በለኝ።”

እኔም “ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኳቸው።