ይዘንጋሽና የታገደው ኩበት

እበትን ቆሻሻ ነው ያለ ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ አንድ ክረምት ይክረምና እንየው!

ይህን የምለው ከንዴት ነው፤ አልደብቅም። ነገሩ ከሆነ ሰነበተ፤ የእኔ ንዴት ግን ዛሬም ትኩስ ነው። ሌላው ዝም ካለ እኔ ልጻፈው ብዬ ተነሥቻለሁ፤ ስጽፈውም፣ እውነቴን ነው፣ ደስ እያለኝ ነው። የከተማችንን ስም አልጠራም። ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ ተሳፍራችሁ ስትወርዱ ነፋሱ ጆሯችሁን የሚቆርጣችሁ ቦታ ናት ካልኩ ይበቃል።

ይዘንጋሽ የኩበት ነጋዴ ናት። አገሯ ከራቤል ወዲያ ነው። ባሏ ወንዳፈራሁ የታወቀ የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ከሱፉና ከመወርወሪያው ተለያየ፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ እጅ ነው። ደግሞ እጇን ማየት ነው! መዳፏ እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ ጣቶቿ የዛፍ ሥር የመሰሉ። ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ከብት ተራ ትወርዳለች። እበቱን ለቅማ፣ በገብስ ገለባ ለውሳ፣ ጠፍጥፋ ዳገቱ ላይ ታሰጣዋለች። በሦስተኛው ቀን ትገለብጠዋለች። ሲደርቅ በጣቷ መታ ታደርገውና ድምፁን ትሰማለች፤ «ገና ነው፣ ሆዱ ውስጥ ውኃ አለ» ትላለች። ከጥቅምት እስከ ግንቦት እንዲህ ነው። በመጨረሻ አጥሯ ጥግ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከሰው ቁመት በላይ ትከምረውና ክምሩን በእርጥብ እበት ትለስነዋለች። ያ ልስን ሲደርቅ ዝናብ አያስገባም። ልክ ጎጆ ነው የሚመስለው!

እኛ አገር እንጨት የለም። ያለው ባሕር ዛፍ ለቤት ማገርና ለሬሳ ሣጥን ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም የከተማው ድስት የሚፈላው በይዘንጋሽ ክምር ነው። የጠላ ሻጯ የአያልነሽ ጋን፣ የአስተማሪዎቹ ሽሮ፣ የካህናቱ የማኅበር ወጥ፣ ሁሉም። ያ ክምር ሲያልቅ ከተማው ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ወጣ። አዋጁን አልሳደብም፤ አንብቤዋለሁ! ከተሞች ዕቅድ ያውጡ፣ ሲያወጡም ነዋሪው ይሳተፍበት ይላል። ስስ ፌስታልንም ያግዳል። ምን ይወጣለታል? እኔ የምናደደው አዋጁ እኛ ዘንድ ዕቅድ ሆኖ ሲደርስ በሆነው ነው።

ዕቅዱን ይዞልን የመጣው ፍሬው የሚባል የማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ባለሙያ ነው። ከኮሌጅ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ቆላ ተወልዶ ያደገ፣ ብርዳችን ሁለት ሹራብ የሚያስደርበው። ጊዜው የ2001 ግንቦት ነው፤ ቢፒአር ቢፒአር እየተባለ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ሁሉ የሚለወጥበት፣ ግድግዳው ሁሉ ሠንጠረዥ የተለጠፈበት ዘመን። ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዐሥራ ስምንት ገጽ ለጠፈልን። ቆሜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ረድፍ «የሙዝ ልጣጭና የሸንኮራ አገዳ ገለፈት በየቀኑ ይሰበሰባል» ይላል። ሙዝ! እኛ ዘንድ ሙዝ ለታመመ ሰው ከደብረ ብርሃን በአደራ የሚመጣ ነው። ልጣጩን የጣለ ሰው ካለ ከተማው በስሙ ያውቀዋል። የማን ከተማ ዕቅድ እንደተገለበጠ እንጃ፤ የእኛ ግን አይደለም።

ፌስታል የሚለው ቃል በዐሥራ ስምንቱም ገጽ የለም። አያልነሽ በዚያው ዓመት ለፋሲካ ያረደችው ሙክት ጨጓራው ሲከፈት ሰባት የጨው ፌስታል ወጥቶበታል። በጉ ምን ያድርግ፣ ጨው ሲሸተው ዋጠው። ስለዚያ የተጻፈ የለም። አራተኛው ረድፍ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ «እበት፣ ፋንድያ፣ አመድ ከመኖሪያ አካባቢ ተነሥቶ ጉድጓድ ውስጥ ይወገዳል።»

ስብሰባ ተጠራን። ለምክክር እንዳይመስላችሁ፤ ለ«ማብራሪያ» ነው።

«እንግዲህ» አለ ፍሬው «ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ማንኛውም ክምር በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣል።»

ይዘንጋሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ልጄ፣ ስምህ ማነው?»

«ፍሬው።»

«ፍሬ ያድርግህ። ትናንት እራትህን ምን በላህ?»

«እ... ሽሮ።»

«በምን በሰለ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ የተከራየው አያልነሽ ግቢ ነው፤ ምግቡም ከእሷ ነው። አያልነሽ ከኋላ ሆና፣ «ንገራት እንጂ! ድገሚኝ ብለህ አይደል!» አለች።

ፍሬው ጆሮው ቀላ። «እትዬ፣ የግል ነገር አናምጣ። ዕቅዱ ከላይ የወረደ ነው።»

«ከላይ ከየት? ከእግዜር?»

«ከበላይ አካል።»

«እግዜርማ ቢሆን እበቱን ለምን እንደፈጠረው ያውቅ ነበር።»

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ አፈወርቅ ጠረጴዛውን ደበደበ። «አንቺ ሴትዮ! ይሄ ኪራይ ሰብሳቢ አስተሳሰብ ነው!» ሲል ጮኸ። አንቺ ነው የሚላት፤ በዐሥር ዓመት ትበልጠዋለች!

«ኪራይስ እኔ ነኝ የምከፍል፤ ቤቱ የቀበሌ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ስንወጣ አያልነሽ መከረቻት። «ስሚኝ፣ ደቦ እንጥራና ዛሬውኑ በየደንበኛው ቤት እናዳርሰው። እኔ ሃያ ሸክም እወስዳለሁ። መኪናው ሲመጣ ባዶ መሬት ያግኝ።»

«የሰረቅሁ ይመስል ልደብቀው?» አለች ይዘንጋሽ። «ሥራዬ ነው። ደጄ ላይ ይቆማል።»

መንዜ፣ የእኛ አገር ሰው፣ እንዲህ ነው። ለአንድ ክንድ ድንበር ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ይመላለሳል እንጂ እውነት አለኝ ካለ ፈቅ አይልም። እኔም ያን ዕለት ኮራሁባት። ዛሬ ሳስበው ግን ምነው አያልነሽን በሰማቻት እላለሁ።

ረቡዕ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ አይሱዙ መጣ። ይዘንጋሽ ወንዝ ወርዳ ነበር። ስምንት የቀን ሠራተኞች ልስኑን በዶማ ፈልጠው፣ ከክምሩ አብዛኛውን በአካፋ መኪናው ላይ ጣሉት። ሰባት ወር የተለፋበት ነገር በአንድ ሰዓት! ወንዳፈራሁ በማያየው ዓይኑ በሩ ላይ ቆሞ «ማናችሁ? ማናችሁ?» ይላል።

እንስራዋን እንዳዘለች ደረሰች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። መኪናው ፊት ለፊት ቆመችና ቀኝ እጇን አንሥታ፣ «በሕግ አምላክ!» አለች።

ይህ ቃል እኛ ዘንድ ተራ ቃል አይደለም። ሁለት ሰው ተጣልቶ አንዱ ድንጋይ ቢያነሣ፣ ሌላው በሕግ አምላክ ካለው ድንጋዩን ይጥላል። ካልጣለ ጠቡ ከባላጋራው ጋር መሆኑ ቀረ፤ ከሕግ ጋር ነው። ሹፌሩ ስሙ ትዕዛዙ ነው፤ የአገራችን፣ የቀየት ሰው። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ ወረደ።

«ምን ሆንክ? ንዳ እንጂ!» አለ ፍሬው።

«አልሰማሃትም?»

«ምን አለች?»

«ኧረ በሥላሴ! በሕግ አምላክ ብላኛለች። እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ ይህን ረግጬ አልነዳም። አንተ ከቻልክ ንዳ።»

ፍሬው መንዳት አይችልም። ነገሩ በዚያው ቀን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ገባ። ሰብሳቢው አቶ ገብረ አማኑኤል ነገር አዋቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱንም ወገን ሰምተው፣ ከጎናቸው ካሉት ሁለት ዳኞች ጋር ተንሾካሽከው፣ እንዲህ ሲሉ አዘዙ፦ «ጉዳዩ ሰኞ እስኪታይ ድረስ፣ መኪናው ላይ ያለውም መሬት የቀረውም ኩበት ባለበት ይቁም። ማንም ሰው እንዳይነካው።»

ይዘንጋሽ መሬት ድረስ እጅ ነሣች። ከዚያ ወጥታ አይሱዙው ስር ቁጭ ብላ እንደ ሙሽራ ሳቀች። ሕግ ሰማኝ አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሞኝ!

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። መንዝን የሚያውቅ ሰው ያን ጥቁረት ያውቀዋል። አያልነሽ ከጠላ ቤቷ ድንኳን የምትተክልበትን ሸራ እየጎተተች መጣች፤ እኔም ሮጬ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት።

«ያዢ! በዚያ በኩል ያዢ!» አለቻት ይዘንጋሽን።

ይዘንጋሽ እጇን ጡቷ ስር አጣምራ ቆማለች። «አይቻልም። ታግዷል።»

«አብደሻል? ማልበስ እኮ ነው!»

«ማንም እንዳይነካው ነው ያሉት። ከባለቤቷ በቀር አላሉም።»

«ሊዘንብ ነው፣ አንቺ ሴት! ዳኛው ዝናብ ያፍስሰው አሉ?»

«አያልዬ፣ ስሚኝ። በሕግ አምላክ ብዬ ያን ሰውዬ ከነመኪናው አቆምኩት። ቆመልኝ። እኔ ደግሞ ሕጉ ቁሚ ሲለኝ ልሂድበት? ሰኞ በምን ዓይኔ ችሎት እቆማለሁ?»

አያልነሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔም እዚሁ ያደግሁ ነኝ። የያዝኩትን ጫፍ ለቀቅሁ። ከዚያ ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ወደ አቶ ገብረ አማኑኤል ቤት ሮጥኩ፤ ለቅሶ ቀየት ሄደዋል አሉኝ። ስመለስ በረዶው ጀምሯል። ባቄላ የሚያህል በረዶ! ልስኑ የተፈለጠው ክምር እንደ ተከፈተ ቁስል ጠጣው። ያን ቀን ዘነበ፣ እሑድ ዘነበ፣ ሰኞ ጠዋትም ዘነበ። ከአይሱዙው በታች ቡናማ ውኃ ሲንጠባጠብ ይዘንጋሽ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችው፤ እንድትቀመጥ ብንለምናትም አልተቀመጠችም።

ሰኞ ተፈረደላት። ስሙ እንግዲህ፣ ተፈረደላት! «ዕቅዱ ከነዋሪው ጋር አልተመከረበትም፤ ኩበት ማገዶ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ንብረቷ ይመለስላት» ተብሎ ማኅተም ተመታ። አቶ ገብረ አማኑኤል ፍርዱን ሲያነቡ ቀና ብለው አላዩዋትም። ትእዛዝ ሲሰጡ ዝናብን ያላሰቡ ሽማግሌ፣ ያውም ገበሬ! እሳቸውንም አልምራቸውም።

ከሰዓት ሹፌሩ ትዕዛዙ መኪናውን አስጠግቶ ጭነቱን ገለበጠው። የወረደው ኩበት አይደለም፤ የበጎች በረት ጭቃ ነው የሚመስለው። ፍሬው ደረሰኝ አቀረበ።

«ይፈርሙ እትዬ። አንድ መኪና ኩበት ይላል።»

«ይሄ ኩበት ነው?»

«ውሳኔው ኩበት ነው ይላል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጁ አፍሮ ነበር፤ ይህን ልመስክርለት።

አፈወርቅ ግን ምን ያፍራል! በማግስቱ በወረቀት መልሶ ጻፈላት፦ መንገድ ዳር የተገኘውን እርጥብ ቆሻሻ ባለንብረቷ በሦስት ቀን ታንሣ። እስቲ ፍረዱኝ! ደረቅ ሳለ ቆሻሻ ነው ብለው ወሰዱት፤ ማገዶ ነው ተብሎ ሲፈረድ ቆሻሻ አድርገው መለሱት፤ አሁን ደግሞ አንሺ! ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እሷ ግን፣ «ሦስት ቀን ነው ያለው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቅርጫቷን ሞላች። ከአያልነሽ ገለባ ለመነች፤ ጭቃውን እንደ አዲስ ለወሰችው። ግን የት ይድረቅ? ዳገቱ ረጥቧል፣ አጥሯ ይንጠባጠባል። በከተማው አንድ ደረቅ ግድግዳ ነው ያለው፤ የማዘጋጃ ቤቱ አዲሱ አዳራሽ፣ ሰፊ የቆርቆሮ ክፈፍ ያለው፣ ገና ኖራ የተቀባ። እዚያ ሄደችና የመጀመሪያውን ጥፍጥፍ ጧ! አድርጋ ለጠፈችው።

ዘበኛው መጣ። «እትዬ ይዘንጋሽ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያነሣሁ። አንሺ ተብዬ የለ?»

ቅርጫቱን አምስት ጊዜ ስታመላልስ አያልነሽ መቀነቷን አጥብቃ መጣች። ከዚያ የአስተማሪዎቹ ወጥ ሠሪ መጣች። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ፤ በዚያ ክምር ክረምትን የምትወጣ ሴት ሁሉ እጅጌዋን ሰብስባ ወጣች። ጧ! ጧ! ጧ! እኔም አንድ ዐሥራ አምስት ያህል ለጥፌያለሁ፤ ጠማማ ናቸው ብለው ሳቁብኝ። እኩለ ቀን ላይ ነጩ ግድግዳ ሰው በሚደርስበት ልክ ጠቁሮ፣ እያንዳንዱ ጥፍጥፍ ላይ አምስት ጣት ታትሞበት ቆመ።

አፈወርቅ ወጣ። ግድግዳውን አየ፣ ሴቶቹን አየ። «ይሄ የመንግሥት ግንብ ነው! መቼ ነው የምታነሺው?»

«ሲደርቅ» አለች ይዘንጋሽ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«መቼ ይደርቃል?»

«ክረምቱን ጠይቀው። እኔ ዕቅድ የለኝም።»

ፈግፍገህ ጣለው ቢለው ዘበኛው በጽሑፍ ይሰጠኝ አለ። ጻፍ ቢባል ፍሬው እስክሪብቶ አጣሁ አለ። አፈወርቅ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ለማገዶ የተረፈው የክምሩ ሩብ አይሞላም። የዚያን ክረምት ስንት ቤት ቆሎ ቆርጥሞ አደረ! አያልነሽ ከሐምሌ በኋላ ጠላ አልጠመቀችም። ወንዳፈራሁ በብርዱ ሲያስል ከረመ፤ ይዘንጋሽ ለራሷ ቤት አምስት ሸክም እንኳ አላስቀረችም ነበር፤ ለደንበኞቿ ቃል ሰጥቻለሁ ብላ። ካሳ የከፈላት የለም፣ ይቅርታ ያላት የለም። አራተኛው ረድፍም ከሰሌዳው አልተሰረዘም።

ግድግዳው እስከ መስከረም እንደዚያው ቆየ። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው ሁሉ በዚያ ስር ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዳንዱ እየመጣ አንዱን ጥፍጥፍ በጣቱ መታ ያደርግና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ «ገና ነው» ይላል ከኋላው ለተሰለፈው።