ዘይነባ ጨው አልጨመረችም

መርፌው ሁለት ቀዳዳ አበቀለ። ሄርማታ ገበያ ዳር፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ ክር ለማስገባት መነጽር ለምኜ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ክሩን በምራቄ አሹዬ ሳስጠጋው ቀዳዳው ሁለት ሆነብኝ። አንዱን ስመርጥ ይጠፋል፣ ሌላውን ስመርጥ እሱም ይጠፋል። ማጅራቴን ደግሞ የሆነ ሰው በጡጫው ጨብጦ የያዘኝ ይመስለኛል። መርፌውን ሰደብኩት። ከዚያ ክሩን ሰደብኩ፣ ከዚያ ክሩን የሸጠልኝን ሰውዬ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ቀበሌው ለበዓል ሰልፍ የሚለበስ ካኪ አዞኝ ነበር፤ በቀኑ ካላደረስኩ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ሳምንት ሰፋሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ድንቁርና ነው። እናንተም አሁን ይህን እያነበባችሁ ማጅራታችሁን ይዛችሁ «ድካም ነው፣ ያልፋል» የምትሉ ካላችሁ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ተነሱና ተለኩ።

ባለቤቴ ዘይነባ ናት እጄን ይዛ ሆስፒታል የወሰደችኝ። ሐኪሙ ኩባዊ ነው። አስተርጓሚዋ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች፤ ከጎጃም ተመድባ ገና መምጣቷ ነበር። ሐኪሙ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ አየር ነፋበት፣ ቁጥሩን አየ፣ እንደገና ነፋ። ሁለት መቶ በመቶ ሃያ። ከዚያ ጣቱን ፊቴ ላይ እያወዛወዘ «ኖ ሳል! ኖ ሳል!» አለኝ።

«ሳል የለብኝም» አልኩት።

ሲስተር ትዕግሥት ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ በነሱ ቋንቋ ሳል ማለት ጨው ነው። ደም ብዛት አለብዎት። እንክብሉን በየቀኑ ይውጣሉ፣ ጨው አይበሉም። ደግሞ መቆጣት ይተዉ ብሏል።»

«መቼ ተቆጣሁ?» ብዬ ጮህኩ። በወረፋ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሁለት ድስት ተጣደ። ትልቁ የቤተሰቡ፣ ትንሿ የኔ። ልጄ ከዲጃ «የአባባ ድስት» ብላ ስም አወጣችላት። እነሱ አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ፤ እኔ ጥግ ላይ ለብቻዬ፣ ገለባ ገለባ የሚል ሽሮ ፊቴ ተደቅኗል። የነሱ ወጥ ይሸተኛል፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። የታመመን ሰው ከማዕድ ማግለል ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እስር ቤት እንኳ ሰው አብሮ ይበላል። ዘይነባ ግን የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፤ እኔ ደግሞ ሳህን እየገፋሁ ተነሳሁባት።

አንድ መጽናኛዬ የእናቴ ቡና ነበር። እናቴ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ከጀርባ ባለው ክፍል ነው የምትኖረው። ስከሳ ስታይ አንጀቷ አልቻለም። «ያ ኢልመኮ» ትለኛለች፣ ልጄ ሆይ ማለቷ ነው፣ «ምግቡ እንቢ ካለህ ቡናህን ጠጣ።» ጠዋት እሷ ዘንድ እቀመጣለሁ፣ ምሳ ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እቀመጣለሁ። ምላሴ ሰው የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው።

በወሩ ተለካሁ። አልወረደም። በሁለተኛው ወር ተለካሁ፤ ጭራሽ ወጥቷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከፍ አደረገው፣ ሜቲልዶፓ የሚሉትንም ጨመረበት። ሲስተር ትዕግሥት ወደ ጎን ወስዳ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እዚያ ቤት ጨው አለ። ወይ እርስዎ ይሰርቃሉ፣ ወይ ባለቤትዎ አዝነው ይጨምሩልዎታል» አለችኝ።

እኔ እንዳልሰረቅሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌባው ተገኘ አልኩ።

ቤት ስገባ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ ሁለት ጎረቤቶች አብረዋት ተቀምጠዋል። ሰላም እንኳ አላልኩም። «ልትገይኝ ነው!» አልኳት። «ሁለት ወር ሙሉ ጨው እየጨመርሽ ነው ያበላሽኝ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «የከዲጃ አባት፣ ወላሂ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም።»

«ውሸታም!»

ጎረቤቶቹ ተነስተው ሄዱ። ዘይነባ ጎመኑን ቀንጥሳ ጨረሰች፣ አጠበችው፣ ትንሿን ድስት ጣደች፣ አበሰለችልኝ። በማግስቱ ከዲጃን ይዛ አጋሮ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። «ሂጂ!» አልኩ በበር ቆሜ። እሷ ግን መንገዱን ይዛ ነበር፤ የሰማኝም አይመስለኝ።

ሦስት ሳምንት እናቴ ዘንድ በላሁ። እሷም ጨው የሌለው አበሰለችልኝ። ቡናውንም እንደ ልማዷ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ልታጠብ፣ ዉዱእ ላደርግ ወጣሁ። ውሃው ከግራ እጄ ፈሰሰ። ጣቶቼ አልገጥም አሉ። ጣሳው ወደቀ። ላነሳው አጎነበስኩ። እግሬ ከዳኝ። «እማዬ» ልል አፌ ተጣመመ። «እማ» ብቻ ወጣ።

በጋሪ ወሰዱኝ። ግራ እጄ ጎኔ ተቀምጧል። የኔ አይደለም። ብቆነጥጠው አያምም። ልብስ ሰፊ ያለ ግራ እጁ ምንድን ነው? ጨርቁን የሚመራው ግራ ነው።

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየኝ። ሲስተር ትዕግሥት እየቆራረጠች ተረጎመች። «ስትሮክ ነው። እጁ ሊመለስ ይችላል። ደሙ ካልወረደ ግን ሁለተኛው ይመጣል። ሁለተኛው አይምርም።»

ለጥየቃ ከመጡት አንዱ የቀበሌው ሰው ነበር። የጠየቀኝ ስለቀሩት ሱሪዎች ነው። ያኔ አፌ ቢፈታልኝ ኖሮ የምለውን ብዬ ታስሬ ነበር፤ መጣመሙ በጀኝ።

በሁለተኛው ቀን ዘይነባ ከአጋሮ ደረሰች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሞተውን እጄን ታሸው ጀመር። እናቴም አብራት መጥታለች፤ ለጠያቂ የሚሆን ቡና በፔርሙስ ይዛለች። ሲስተር ትዕግሥት መርፌ ልትወጋኝ ስትገባ እናቴ፣ «ልጄ፣ ስትሯሯጪ ዋልሽ፣ ነይ አንድ ስኒ» ብላ ቀዳችላት።

ሲስተር ትዕግሥት አንድ ጊዜ ፉት አለችና ፊቷ ተጨማደደ። «ውይ! ምንድን ነው ይሄ? ጨው ነው እንዴ?»

«ሶጊዳ ነዋ!» አለች እናቴ። ጨውን በኦሮምኛ ሶጊዳ ነው የምንለው። «ሶጊዳ የሌለው ቡና ምኑን ቡና ሆነ?»

ሲስተር ትዕግሥት ስኒውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ጋሼም ይህንኑ ነው የሚጠጡት?»

«ታዲያ ሌላ ምን ይጠጣ? ጠዋት ሦስት ስኒ፣ ቀን ሦስት፣ ማታ ሦስት። ምግቡ አልጣመው ብሎ ሲከሳብኝ ጊዜ ጠንከር አደረግሁለት።»

«እማማ፣ ጨው እንዳይበሉ አላልንም?»

እናቴ ከልቧ ገረማት። «መች በላ? ጠጣ እንጂ!»

ማንም አልሳቀም። እኛ አገር ቡና በጨው ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ። ስኳር በራሽን ሆኖ ሰው በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ሲሰለፍ እኛ ለቡናችን ግድ አልነበረንም። ጨው መጨመር ብለን እንኳ አናስበውም፤ ቡና ማፍላት ነው በቃ። ከጎጃም የመጣችው ልጅ ይህን በምን ታውቃለች? ኩባዊውስ? እኔስ ብሆን አፌ ውስጥ እየቀመስኩት አላወቅሁትም።

ወደ ዘይነባ ዞርኩ። አንገቷን ደፍታ እጄን ታሻለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሰሞን የነደድኩትን ንዴት አልረሳውም። እናቴን እንዳልቆጣ እናቴ ናት፤ በፍቅር ነው ያጠጣችኝ። ሐኪሞቹ «ምን ትበላለህ?» ሲሉኝ ከረሙ፤ አንድ ቀን እንኳ «ምን ትጠጣለህ?» አላሉኝም። ያ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። የቀረው ንዴት ግን ዞሮ ዞሮ ራሴው ላይ ነው የወደቀው።

ዘይነባ ወደ ቤት ከመመለሷ በፊት አንድ ነገር ተናገረች፣ እናቴም ከዲጃም ባሉበት። «እመለሳለሁ። ሁለት ድስት ግን ከእንግዲህ አይጣድም። እሱ የሚበላውን ሁላችሁም ትበላላችሁ። ማጣፈጡን ለኔ ተዉት።»

ወላሂ አጣፈጠችው። መጀመሪያ ጓዳውን ፈተሸች፤ የተደበቀ ጨው በየቦታው ተገኘ። በርበሬው ሲዘጋጅ አብሮት የተወቀጠ ጨው አለበት፣ የሽሮው ዱቄትም እንዲሁ፣ ቋንጣው ደግሞ ጨው ጠጥቶ ነው የደረቀው። ያለውን ለዘመድ ሰጥታ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው እንደገና አስፈጨች። የነሱን ጨው በአንድ ቀን አላጠፋችውም፤ የኔን ድርሻ ከድስቱ ቀድማ እያወጣች፣ በየሳምንቱ ቆንጠር እያደረገች ቀነሰችው፣ በቀነሰችው ልክ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረች። ጎመኑን ከእሳት ሲወጣ ሎሚ ትጨምቅበታለች። በቋንጣ ፈንታ ቦሎቄ በብዙ ቀይ ሽንኩርት አቁላልታ ትሠራለች፣ ሊወጣ ሲል የተወቀጠ ኮረሪማ ነስነስ ታደርግበታለች፤ ያን ሽታ ጎረቤት ሰምቶ ምን ታርዶ ነው ብሎ ይጠይቃል። አቮካዶ ያኔ በሰፈራችን ልጆች የሚጫወቱበት ነበር፤ እሷ ጨፍልቃ፣ ሎሚና ቃሪያ አድርጋ፣ ትኩስ ዳቦ ላይ በቅቤ ፈንታ ቀባችው። ከዲጃ መጀመሪያ «ሳሙና ነው!» ብላ አለቀሰች፤ በሳምንቱ ግን የኔን ድርሻ ስትነጥቅ ያዝኳት። ከወራት በኋላ ሠርግ ሄደን የሰው ወጥ ስትቀምስ «ኧረ ጨዋማ!» ብላ ውሃ ጠየቀች፤ ያኔ የቤታችን ምላስ እንደተለወጠ ገባኝ።

ቡናውስ? ቡናው የእናቴ ነበርና እሷው መላ አበጀችለት። በጨው ፈንታ ከግቢዋ የቀጠፈችውን ጤና አዳም ስኒው ውስጥ ትነክርበታለች፤ ሌላ ጊዜ አንድ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ከቡናው ጋር ትወቅጣለች። ዘጠኙ ስኒም ሦስት ሆነ። «መድኃኒት ነው የምጠጣው፣ ቡና አይደለም» እያለች ብዙ አጉረመረመች፤ እኔ እያየሁ ግን ጨው ያለበት ስኒ ከንፈሯን አልነካም። ኋላ ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ የምታስተምረው እሷ ሆነች፣ አላህ ይዘንላት።

የፊዚዮቴራፒ ሰውዬው ለስላሳ ነገር በግራ እጄ እንድጨምቅ አዘዘኝ፤ ኳስ ከየት ይምጣ? ዘይነባ የዳቦ ሊጥ ፊቴ አስቀመጠች። ወንድ ሊጥ ያቦካል ብለው የሰፈሩ ሰዎች ሲስቁብኝ ንዴቴን ሁሉ ሊጡ ላይ ተወጣሁ፤ መጀመሪያ በመዳፌ እየገፋሁ፣ ቀጥሎ በአውራ ጣቴ፣ ከዚያ ትንሿ ጣቴ ሳላስበው ታጠፈች። ዳቦውም ያለ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበት ከትሪው መሐል ተቀመጠ፣ እኔም ከትሪው ዙሪያ። በዓመቱ ዳር፣ በረንዳዬ ላይ፣ መርፌው አንድ ቀዳዳ ብቻ ኖረው፤ ክሩ ገባ፣ አልሐምዱሊላህ።

የታመመ ያለባችሁ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ሁለት ድስት አትጣዱ። ሁላችሁም ቀስ እያላችሁ አብራችሁ ለውጡ፤ በወር ምላሳችሁ ይለምደዋል። ስትለኩ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የምትጠጡትን ንገሩት። እንክብሉን ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። መቆጣትን በተመለከተ እኔ መምከር አልችልም።

ሲስተር ትዕግሥትን፣ ያንን ኩባዊ ሐኪም፣ በጋሪ የወሰደኝን ሰው አላህ ይባርክልኝ። ለዘይነባ ግን ምስጋና አይበቃም፤ ዕዳ አለብኝ። ውሸታም ያልኳት በደጃፍ ነው፣ ጎረቤት ተቀምጦ እየሰማ። ይቅርታ የጠየቅኋት በጓዳ ነው፣ ማንም ሳይሰማ። እሷ «ተወው፣ አልፏል» አለች። አላለፈም። ከነዚያ ሁለት ጎረቤቶች አንደኛዋ እውነቱን ሳትሰማ ከሰፈሩ ለቅቃ ሄደች፤ ዛሬም የት እንዳለች አላውቅም። ምናልባት ይህን ታነብ ይሆናል። እህቴ፣ ያን ቀን የሰማሽው ውሸት ነው፤ ዘይነባ ጨው አልጨመረችም።