ለአናጢዎቹ የተሠራችው በር

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ሲደርሳት፣ እኔን የምትተወኝ እታች ፎቅ ከሚኖሩት ከእትዬ ማይቴ ዘንድ ነበር። ያኔ በስደት አገራችን ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር በነበረው የመንግሥት ቤታችን የሰኔና የሐምሌ ብርድ አጥንት ይሰብር ነበርና፣ እትዬ ማይቴ መብራቱን አጥፍተው የጋዝ ማሞቂያውን ይለኩሳሉ፤ ፊታቸው በቀዩ ብርሃን ወዝቶ፣ ባስክ በሚባለው አገራቸው፣ በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ተራሮች ውስጥ፣ ስላለችው የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ያወሩልኛል።

ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ቀበሮ ሲሰሙ እኔ የሰማሁት ስለ ግንብ ነው። ግድግዳው አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የማይጨርሰው ውፍረት ያለው ድንጋይ፣ ጣሪያው ከውስጥ ሲያዩት የተገለበጠ ጀልባ። ወንዶቹ ግራና ቀኝ በተደራረቡ የእንጨት ሰገነቶች ላይ፣ ሴቶቹ ከታች ይቀመጣሉ። ወለሉ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቦታ አለው፤ አያት ቅድመ አያቶቹ የተቀበሩት ከሥሩ ስለሆነ፣ ሴቶቹ እዚያው ላይ ሻማ ያበሩላቸዋል። ዓይኔን ስጨፍን የሰሙ ጭስ ይሸተኝ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ ቀደም ብላ ልትወስደኝ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ፣ «ምን እያሉሽ ነው?» አለችኝ፤ የእትዬ ማይቴ እንግሊዝኛ ለእሷ ከባድ ነበር።

«በጎን በኩል ዝቅ ያለች በር ነበረች ይላሉ። አናጢዎቹ በእሷ ብቻ ነው የሚገቡት፣ ጎንበስ ብለው። ሰው ይጸየፋቸው ነበር። ሰገነቱን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ ግን እዚያ መቀመጥ አይችሉም። ቄሱ የተባረከውን ዳቦ እንኳ በዱላ ጫፍ ነው የሚሰጣቸው።»

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሳቸው ይህን ከማን ሰሙ?»

ጠየቅኋቸው። እትዬ ማይቴ ዓይናቸውን ከማሞቂያው ሳያነሱ፣ «አናጢዎቹ የእናቴ ወገኖች ናቸው» አሉ። «በሯ በድንጋይ ከተደፈነች በኋላም ሰው የማን ዘር እንደሆንን አልረሳም።»

ለእናቴ ተረጎምኩላት። እሷም ከአገር ቤት፣ ከደቡብ ይዛው በመጣችው፣ አማርኛ ስትናገር በማይለቃት ቅላጼ፣ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች» አለች። «ጎረቤት ውሃ ሲሰጠን በቅል ነው። ጠጥተን ስንጨርስ ቅሉን ይሰብሩታል።»

«ዋት?» አልኳት። እስከዚያ ቀን እኔም እህቴም የምናውቀው አያታችን ገበሬ እንደነበረች ነው።

ይህን የነገረችኝ ታላቅ እህቴን ሣራን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ነበር። ሊያገባት የፈለገው ልጅ ዌስት ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር የምንሄድበት ቸርች ዘማሪ ነው። እዚያ ሁላችንም «ወንድም»፣ «እህት» እንባባላለን፤ ሽማግሌ ግን ዘር መጠየቁ አይቀርም። እናቴ የገበሬ ልጅ ነኝ ብላ ልትመልስ ቀደም ብላ ቆርጣ ነበር።

ቅዳሜ መጡ። ከመካከላቸው ጸጉራቸው የሸበተው ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ እትዬ ብርቄ፣ ወገንዎ ከወዴት ነው?» አሏት።

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» አለች። አልደበቀችውም። የሣራ ፊት አመድ መሰለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ «እንግዲህ እንጸልይበትና እንመለሳለን» ብለው ሻዩን ሳይነኩ ወጡ። ሣራ እናቴን «ዛሬ ነው ይህን የምትናገሪው?» ብላ አልቅሳ፣ ለብዙ ቀን አላናገረቻትም።

ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ልጁ ግን ከሳምንታት በኋላ ብቻውን መጣ፤ ተጋቡም። እናቱ ሰርጉ ላይ ተገኝተው ሁላችንንም እያቀፉ ሳሙን።

እትዬ ማይቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ከነገሩኝ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ያ ምሽት ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። የሣራ አማት አሁንም ቤታችን በመጡ ቁጥር «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ፤ እናቴም በመጡ ቁጥር ሳህን ታቀርብላቸዋለች። ትዕግሥት ይሁን እልህ፣ ልጠይቃት እያሰብኩ እፈራለሁ።