የዓለምሸት የዓሣ ሊጥ

ቴፒ ውስጥ ቅናት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ወደ ዓለምሸት ሱቅ ጎራ ማለት ይበቃዋል። ኮረሪማና እርድ ትሸጣለች፣ ሚዛኗ ልክ ነው፣ ለደንበኛም ትመርቃለች። ባሏ በላይነህ ከአንዲት ሴት ጋር ቆሞ ሲያወራ ካየች ግን የጀመረችውን ሚዛን ጥላ ከሱቁ ትወጣለች። ሰውየው እኮ የሚቀናበት ዓይነት አይደለም። የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ከእጁ ዘይት አይጠፋም፣ ሴት ቀርቶ ወንድ እንኳ ደፍሮ አያናግርም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀናት ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ትቀናለች፣ በቃ።

አንድ ሱስ ብቻ አለበት፤ ዓሣ ማጥመድ። ቅዳሜ ጠዋት መንጠቆውንና ክሩን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ወዳለው ሐይቅ ይሄዳል። በተጋቡ ሰሞን ዓለምሸት በሐይቁም ቀንታ ነበር። ሰው በሐይቅ ይቀናል? እሷ ቀናች። ቀኑን ሙሉ ምን እያየ ይውላል፣ ከማን ጋር ይውላል እያለች ስትብሰለሰል ትውል ነበር። ይባስ ብሎ መንጠቆው ላይ የሚሰካውን ትል፣ የቡና ገለባ ከሚከመርበት ጓሮ እየቆፈረች የምትሰጠው አንዲት ጎረቤት እንደሆነች ሰማች። ያን ለት ደሟ ፈላ። በማግስቱ ለዓሣው የሚሆነውን ከእንግዲህ እኔ ነኝ የማዘጋጀው፣ የማንም ሴት ትል እዚህ ቤት አይገባም ብላ ቁርጡን ነገረችው።

ዓርብ ከሰዓት የበቆሎ ዱቄት በእንቁላል ለወሰች፤ ኮረሪማ ጣል፣ ማር ጠብ አደረገችበት፤ አሽታ አሽታ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው። ሰውየው በማግስቱ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በገመድ ሰክቶ ከነጅራቱ እያንጠለጠለ መጣ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ የሊጥ ቀን ሆነ። ዓሣውን የሚያመጣው እሱ ሳይሆን የእኔ እጅ ነው እያለች ለሰፈሩ አፏን ሞልታ ታወራለች። በላይነህም እውነቷን ነው ይላል። ሐይቁ ዳር ብቻውን ቢቀመጥም እጇ አብሮት እንደዋለ ትቆጥረው ነበር። ያቺን ሊጥ የነካባት ትዳሯን ነካ ማለት ነው።

አምና ዓለምሸት ክፉኛ ታመመች። አማን ከተማ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ አንድ ጾም አላስቀርም፣ በጾም ቀንም የፍስክ ነገር በእጄ አልነካም ብላ ተሳለች። ዳነች፤ ስለቷንም ጠበቀች። ሊጡ የሚለወሰው ደግሞ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ያው ጾም ነው። ስለዚህ እንቁላሉ ቀረ፤ ዱቄቱ በውኃ ብቻ ይለወስ ጀመር። ሐሙስ ማዘጋጀት ይቻላል የሚል ሐሳብ ውልም አላላትም፤ የለመደችው ዓርብ ነው። በላይነህም ጥቅሉን ተቀብሎ ይሄዳል። ዓሣውም አልቀረም፣ እንደ ወትሮው ቅዳሜ ማታ ይመጣል። እሷም ጾሙ ዓሣውን እንዳላገደው ለጎረቤት ሁሉ እየነገረች ትኩራራለች።

አንድ ሐሙስ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች። ኪስ መፈተሽ ልማዷ ነው፤ ለማጠብ ነው ትላለች እንጂ የማይታጠበውንም ትፈትሻለች። እጇ ላይ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? አንዲት ብርማ ጉትቻ፣ አጋር የሌላት። ግማሽ የደረሰ ቀይ የጥፍር ቀለም። የቀይ ዊግ ፀጉር ቁራጭ፣ በክር የታሰረ።

ክው አለች። እልፍኙ ውስጥ ቁጭ አለች። የፈራችው እንደ ደረሰ፣ ያውም ጥፍሯን ቀይ የምትቀባ ልጅ እግር መሆኗ ታያት። ትጮሃለች ብትሉ አልጮኸችም። ሁሉንም ወደ ኪሱ መለሰችና ኮቱን ሳታጥብ ሰቀለችው። በማግስቱ ሊጡን ስታሽ ግን እጇ ሥር የነበረው ሊጥ አልነበረም፣ የዚያች ሴት ፊት ነበር። በላይነህ ተቀብሎ እንደ ሁልጊዜው እጅሽን ይባርከው አላት።

ቅዳሜ እሱ እንደ ወጣ ሱቋን ዘግታ ወደ መናኸሪያው ወረደች። እዚያ የሩሐማ ፀጉር ቤት አለ፤ ቀይ ዊግ በመስኮቱ የሚሰቀለው በሰፈሩ እዚያ ብቻ ነው። ሩሐማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሳመቻት፤ ጋሽ በላይነህስ እንዴት ነው፣ ማክሰኞ መጥቶ ሲያጫውተን ሲያስቀን ዋለ አለቻት። በላይነህ? ሲያስቅ? እሷ ቤት ሁለት ቃል ከተናገረ ደክሞት የሚተኛው ሰውዬ? መስተዋቱ ሥር አንዲት ብርማ ጉትቻ ለብቻዋ ተቀምጣለች። የኪሱ ጉትቻ እህት መሰለቻት። ልጅ እግሯ ከሩሐማ ደንበኞች አንዷ ናት፣ አሁንም ሐይቁ ዳር ከእሱ ጋር ናት ብላ ዓለምሸት ወጥታ ባጃጅ ያዘች። ሹፌሩን ፍጠን ስትለው ድምፅዋ ስላስፈራው ዋጋ እንኳ ሳይነጋገር ነዳ።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ሁለት ሰው ተቃቅፎ እንደምታገኝ እርግጠኛ ነበረች። ያገኘችው አንድ ሰው ነው። በላይነህ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። የኮባ ቅጠሉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የእሷን ሊጥ እየቆረሰ ለወፎች ይበትናል።

ከሴት ይልቅ ያ አመማት።

“ሴትየዋ የት ናት?” አለችው።

ደንግጦ ተነሣ። የትኛዋ ሴትዮ ሲላት ወደ ኪሱ ጠቆመችው። በላይነህ እያፈረ ክሩን ሳበና አሳያት። ጫፉ ላይ እንደ ኪሱ ጉትቻ ያለች ብርማ ጉትቻ ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯ መንጠቆ፣ ከኋላዋ ቀይ የዊግ ፀጉር፣ ፊቷ ላይ በጥፍር ቀለም የተነጠበ ዓይን። ውኃ ውስጥ ስትጎተት ትንሽ ዓሣ ትመስላለች፤ ትልልቆቹ አምባዛዎች ሊውጧት ይመጣሉ። ሩሐማ ደንበኞች ከጥንዱ አንዱን ጥለው የሚሄዱትን ጉትቻና የተራረፈ ፀጉር መስተዋቱ ሥር እያጠራቀመች ትሰጠዋለች። ኪሱ ያለችው መለዋወጫ ናት። የት ላይ እንደሚጥላት፣ እንዴት ቀስ አድርጎ እንደሚስባት ሲያስረዳት የዓመት ቃሉን በአንዴ ጨረሰ። ማክሰኞ ሩሐማ ቤት ያሳቃቸውም ይኸው የዓሣ ወሬ ነበር። ዓለምሸት ግን አልሰማችውም። ዓይኗ ወፎቹ ላይ ነበር።

“የእኔስ ሊጥ?”

በላይነህ ከቀረው ሊጥ ቆንጥሮ መንጠቆ ላይ አድቦልቡሎ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነከረው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ሊጡ ትንሽ ቆየና ፈረሰ፤ ውኃው ነጣ፣ መንጠቆው ራቁቱን ቀረ።

“እንቁላሉ ከቀረ ወዲህ እንዲህ ነው” አላት።

“ታዲያ አትነግረኝም?”

“ስለትሽን አፍርሺ ልበልሽ? ከሞት አፋፍ ነው እኮ የተመለስሽው።”

ያመጣቸው ዓሣዎችስ? ዓመቱን ሙሉ ከሐይቁ አጥማጆች ሲገዛ እንደነበረ አመነ። ጉትቻዋን የጀመረው በቅርቡ ነው፤ መግዛቱ ስለሰለቸው፣ ደግሞም ውሸቱ እንዲያንስ ብሎ። ዓለምሸት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ለጎረቤት የላከችው፣ ለበዓል የጠበሰችው፣ ሰፈሩን ያሰለቸችበት ዓሣ ሁሉ ታያት። እንባዋ መጣ። ትቆጣው ወይስ ታቅፈው፣ አላወቀችም። አንድ ነገር ግን ቆረቆራት።

“ስለ ሊጡ ሩሐማ ታውቃለች?”

“ማንም አያውቅም። ላንቺ ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ?”

ያ ቃል አንጀቷን አራሰው። ቢሆንም ዓለምሸት ዓለምሸት ናት። የሠርጓን ጉትቻ አንዱን ከጆሮዋ ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረች። በላይነህ እጁን ሊሰበስብ ሞከረ፤ ዓሣ ቢበጥሰውስ አላት።

“ይበጥሰው” አለችው። “የሌላ ሴት ጌጥ ዓሣ እየጠራልህ እኔ አርፌ አልቀመጥም። የእሷን ፍታውና አምጣ፣ እኔ ራሴ እመልስላታለሁ።”

በላይነህ የሩሐማን ጉትቻ ፈታ፣ የሚስቱን አሰረ። ዓለምሸት ክሩን ያዘችለት። ከዚያም ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተመቻችታ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቋ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝግ ነው።