ድኗል ብለን የሸኘነው ሰው

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ሲያተኩሳት አደረ። ጠዋት ሰውነቷ ቀዝቅዞ ቁርስ ስትጠይቅ እናቷ «ተመስገን፣ ለቀቃት» አለች። እኔ ግን ትኩሳት ለቀቀ ሲባል ቶሎ ደስ አይለኝም።

ይህን የተማርኩት በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ከወልቂጤ ሄጄ ቡታጅራ፣ አልጋ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ድሬሰር ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። መስከረም ጠብቶ የመንገዱ ጭቃ ገና ሳይጠነክር፣ ሸምሱ የሚባል ነጋዴ ሚስቱ ዘይነባ ደግፋው መጣ። ክረምቱን የከረመው አዲስ አበባ፣ ሰው ተደራርቦ በሚተኛበት ማደሪያ ነው። ሰውነቱ ይፋጃል። በዚያ ወቅት ያተኮሰው ሁሉ ወባ ይመስለን ነበርና የወባ ክኒን ሰጠነው። ትኩሳቱ ድንገት ወረደ። ዘይነባ ያመጣችለትን ቆጮ በአይብ ጥርግ አድርጎ በላ። «ድኗል» አልናት፤ መርቃን ይዛው ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሞቹ በቃሬዛ መለሱት። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ይቃዣል። ክኒኑን ሳይጨርስ ቀርቶ ይሆን? ሌላ በሽታ ይዞት ይሆን? ምኑም አልገባኝ አለ። የጤና መኮንኑ አቶ ደምሴ ደሙን በማይክሮስኮፕ አይተው፣

«ግርሻ ነው፤ ቅማል የሚያመጣው። ራሱ ይለቃል፣ ራሱ ይመለሳል» አሉ።

ፔኒሲሊን አዘው ምጥ ወደጠናባት ሴት ሮጡ። እኔ ወጋሁት።

ጥቂት ቆይቶ ሸምሱ አልጋው እስኪንኳኳ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ትኩሳቱ ከመርፌው በፊት ከነበረው ባሰ። ብልቃጡን አንስቼ ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የታዘዘው መድኃኒት ነው።

«ምንድን ነው የወጋሽው?» አለች ዘይነባ።

«መድኃኒቱን ነው።»

«መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል? ወላሂ፣ ቤቱ ወስጄው ይሙት!»

ወንድሞቹ ቃሬዛውን አነሱ። ይድናል ልላት ነበር፤ ያኔ «ድኗል» ብለን የሸኘናት ትዝ አለኝ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም» አልኳት። «ግን በዚህ ሁኔታ መንገድ ከወጣ የሚሞትባችሁ ይመስለኛል። አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ወንድሞቹን «አስቀምጡት» አለቻቸው፤ ሻሿን ፈትታ ውሃ ውስጥ ነከረችና ግንባሩ ላይ አደረገችው።

አመሻሹ ላይ ላብ አጠመቀው፤ ትኩሳቱም ወረደ። አቶ ደምሴ ተመልሰው የልብ ምቱን ዳሰሱ። «ተህዋሲያኑ ባንዴ ሲሞቱ እንዲህ ያንቀጠቅጣል። ሳልነግርሽ መሄዴ ጥፋት ነው» አሉኝ።

ሸምሱ ሲሻለው ገበያዬ እያለ ወተወተ። ዘይነባ ግን «ትኩሳቱ መመለስ አለመመለሱን እዚሁ እናያለን» ብላ አልለቀቀችውም። አልተመለሰም። በእግሩ ወጥቶ ሄደ።

የትኩሳቱን ነገር ውሎ አድሮ ተማርኩት። ዛሬም ግራ የሚገባኝ ዘይነባ ናት። ያን ቀን ለጥያቄዋ ከእኔ ያገኘችው መልስ «አላውቅም» የሚል ብቻ ነበር፤ ባሏን እኔ ዘንድ ለማስቀመጥ እንዴት እንደበቃት አልገባኝም።