የገና ሙክትና የደከመው ኮምፒውተር

ላሊበላ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቄ ባጃጆች ከሚቆሙበት ቦታ ዝቅ ብሎ ነው። አብዛኛው ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣትና ከስልክ ላይ የጠፋ ፎቶ መፈለግ ነው። ስለዚህ የገና ጾም ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት የአንድ ሆቴል ባለቤት ደውለው «ኮምፒውተራችን ደክሞታልና መጥተህ እየው» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ዳገቱን ደጋግሞ የሚያስወጣኝ ሥራ መሆኑን ግን ወዲያው አላሰብኩትም።

ሆቴሉ ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ረዘም ያለ ሴት ናቸው። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት። ከመቀበያው ጎን፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ቀኑን እዚያው ያሳልፋሉ። የኔታ ነው የምንላቸው።

ስደርስ የእህታቸው ልጅ ችግሩን ነገረችኝ። «የእንግዳ ስም ስጽፍ ፊደሉ ከእጄ ኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ስሙንም አገሩንም ጽፌ ጨርሻለሁ፣ እሱ ገና የመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው። እንግዳው ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ያየኛል።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«አንዳንዴ ደህና ይሆናል። ምን እንደሚያመው እንጃ።»

ኮምፒውተሩን ከጀርባው ላየው ጎንበስ ስል ማራገቢያው ፊት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የሚወጣው ሙቅ አየር ሽንኩርቱን ስለሚያሞቀው መቀበያው ሁሉ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይሸታል። ቀና ብዬ እትዬን አየኋቸው።

«አንዱ እንግዳ 'እንዴት ያለ አዲስ ኮምፒውተር ነው' ብሎ ካደነቀው ወዲህ ነው የደከመው» አሉ። «ሽንኩርቱ ምንም አይልህም፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

ፈቃዳቸውን ጠይቄ ሽንኩርቱን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረግሁትና ሥራዬን ጀመርኩ። ኮምፒውተር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የሚያስበውም የሚያሰላውም እሱ ነውና። ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ገጽ አለ፤ ታስክ ማናጀር ይባላል። እዚያ ላይ አንድ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ይሄዳል። መስመሩ ታች ከሆነ ፕሮሰሰሩ አርፏል፤ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ከቀረ አንድ ፕሮግራም እያንገላታው ነው ማለት ነው። ከፍቼ አየሁት። መስመሩ ታች ተኝቷል። ደህና ነው ብዬ ተሰናብቼ ወረድኩ።

ሱቄን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ። እንደገና ደክሞታል። ዳገቱን ወጣሁ። እኩለ ቀን ገደማ ደርሼ ሳየው መስመሩ እንደ ሕፃን ተኝቷል። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ የሚተው የጥርስ ሕመም ዓይነት ነበር።

ስለዚህ መስመሩ ያለበትን ገጽ እንደተከፈተ ትቼ የኔታን ለመንኳቸው። «የኔታ፣ እርስዎ እዚህ ነው የሚውሉት። ይሄ መስመር ወደ ላይ ወጥቶ አልወርድ ሲል ይደውሉልኛል?»

«እንዴታ» አሉ። ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዞሩ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ።

እንደዚያ ያለ ትጉህ ጠባቂ አይቼ አላውቅም። ቁጭ ባልኩበት ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ወጥቷል።»

«ማን ነው የወጣው፣ የኔታ?»

«መስመሩ ነዋ። ከጣሪያው ደርሶ እዚያው ቆሟል። ቆይ... ረገብ አለ። የለም፣ እንደገና አነሣው።»

በሁለተኛው ቀን መናገሩን ትተው በዜማ ያሰሙኝ ጀመር። መስመሩ ሲወጣ ድምፃቸው ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፣ ጣሪያው ላይ ሲቆም ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ይዘው ይቆያሉ። «ዜማስ ዜማ ነው» አሉኝ፤ «ግን መምህር የሌለው ነው።» እንግዶች ቁልፋቸውን ለመውሰድ መጥተው ቆመው ያዳምጧቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ዜማው ግን ጥፋተኛውን አይነግረኝም። እኔም ቸኩዬ የእህታቸውን ልጅ ጠረጠርኩ፤ ከእንግዶቹ መዝገብ ኋላ ተከታታይ ፊልም ተከፍቶ አይቻለሁና። ፊልሙን ዘጋሁት። በማግሥቱም የኔታ ደውለው ያንኑ ዜማ አሰሙኝ። እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ለሁለት ቀን በቅጡ ሰላም አላለችኝም።

በመጨረሻ ራሴው ሄጄ ለመጠበቅ ወሰንኩ። በጠዋት ሱቄን ዘግቼ ወጣሁና ከየኔታ ጎን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ የፕሮግራሞቹን ስም የሚዘረዝረውን ገጽ ከፍቼ፣ ፕሮሰሰሩን ብዙ የሚያሠራው ከሁሉ በላይ እንዲመጣ አድርጌ አስቀመጥኩት። ብዙም አልቆየን፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ የመጡ ፈረንጆች ከነአስጎብኚያቸው ገቡ፤ ልክ በዚያው ሰዓት ኮምፒውተሩ ደረቀ። ከላይ የወጣው ስም የካሜራ ፕሮግራም ነበር።

«እትዬ፣ ካሜራ አላችሁ እንዴ?»

«አለን እንጂ። ከጎረቤት በግ ከተሰረቀ ወዲህ ሙክቱን የሚጠብቅ አስገጥሜያለሁ።»

በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። ለገና የሚቀለበው ሙክት ካሜራው ፊት ለፊት ታስሯል። ዘበኛው አተላ በሳፋ አምጥተውለት ጭራውን እያወዛወዘ ይጠጣል። ነገሩ ገባኝ። ፕሮግራሙ የሚቀርፀው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነው። ሙክቱ ባመሰኳ፣ ጆሮውን ባራገፈ ቁጥር እያንዳንዱን ምስል ከፊተኛው ጋር እያስተያየ ፕሮሰሰሩን ፋታ ይነሣዋል። እኔ እኩለ ቀን ላይ ስመጣ ደግሞ ሙክቱ ጠግቦ ተኝቷል።

ማረጋገጥ ነበረብኝና መስመሩ ያለበትን ገጽ መልሼ ከፈትኩት። «ጋሼ» አልኳቸው ዘበኛውን በመስኮት፣ «እባክዎ አተላውን ለጥቂት ጊዜ ያንሱት።»

«ከአፉ ላይ?»

«አዎ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው።»

አነሡት። ሙክቱ እንዳሰብኩት ዝም ብሎ አልቆመም፤ ገመዱን እየጎተተ ሳፋውን ለመከተል ዘለለ። «ከጣሪያው አለፈ» አሉ የኔታ። ያን ትቼ ካሜራውን እንዲሸፍኑልኝ ለመንኳቸው። ዘበኛው ጋቢያቸውን አውልቀው ካሜራው ላይ ጣሉት። መስመሩ ወዲያው ወደቀ።

«ወረደ» አሉ የኔታ በዜማ።

«ይግለጡት ጋሼ።»

ገለጡት።

«ወጣ።»

እርግጠኛ ለመሆን ደጋግመን አደረግነው። ዘበኛው ጋቢያቸውን ይጥላሉ፣ ያነሣሉ፤ የኔታ በመስኮት ያዜማሉ፤ ሙክቱ ይዘላል። ፈረንጆቹ ሻንጣቸውን ትተው ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፁናል። አንዷ አስጎብኚውን ምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ፊቱ ሳይለወጥ፣ ከበዓል በፊት የሚደረግ በጣም የቆየ ልማድ ነው ብሎ አስረዳቸው። አንገታቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። ቁልፍ ተሰጥቷቸው ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ አስጎብኚው ጠጋ አለኝና «ለመሆኑ ምን እየሠራችሁ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እትዬ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ሁሉን አይተዋል። «እና ኮምፒውተሬን ያደከመው በጉ ነው?»

«በጉ እንኳ አይደለም እትዬ፤ ካሜራው በጉን ሲያይ ፕሮግራሙ...»

«እንግዲያው በጉ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

«ካሜራውን አላጠፋም። ገና ሳይደርስ ቢሰረቅ ኮምፒውተሩን ነው የምናርደው?»

ማጥፋት አያስፈልግም ነበር። ፕሮግራሙ ሌባ የሚገባበትን የግቢውን በር ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይበቃል፤ ግን የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ነው፤ እሱ ደግሞ ወልድያ ሄዶ ስልኩ ዝግ ነው። እስኪገኝ ድረስ ሙክቱን ወደ ጓሮ ወሰድነው። ግቢው ባዶ ሲሆን እትዬ ቦታው አማራቸውና የአልጋ አንሶላ አሰጡበት። ከሰዓት በኋላ የላሊበላ ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ አንሶላ ተርገበገበ። የኔታ ደውለው ምንም ሳይናገሩ አንድ ከፍተኛ ድምፅ ብቻ ይዘው ቆዩ። በመጨረሻ «ልጄ፣ በጉ ይሻለን ነበር» አሉኝ።

ባለሙያው በማግሥቱ ተገኘ። የይለፍ ቃሉ «በግ» የሚል ነበር። ገብቼ ካሜራው በሩን ብቻ እንዲከታተል አደረግሁ፤ ሙክቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ቢያመሰኳም ቢዘልም መስመሩ አልነቃም። የእህታቸው ልጅ የአንድ እንግዳ ስም ስትጽፍ ፊደሉ ከጣቷ እኩል ደረሰ። በፊልሙ ነገር ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ቀጣዩን ክፍል አብሬያት በማየት ታረቅን።

ቅር ያላቸው የኔታ ብቻ ናቸው። ጠፍጣፋውን መስመር ሲያዩ ቆይተው «ሞተ እንዴ?» አሉኝ።

«አርፎ ነው፣ የኔታ።»

«ማረፉ ደግ ነው» አሉና ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ መለሱት።

በገና ዕለት እትዬ ጠርተውኝ ሄድኩ። ከሙክቱ ደህና ደህናውን መርጠው አጎረሱኝ። «ብላ፣ የችግሩ መነሻ ነው» አሉኝ። በጣም ጣፋጭ ነበር።

ወሬው ግን ከእኔ ፈጥኖ ሄደ፤ እየሄደም ተጣመመ። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት ከኮን ከተማ ደወለችልኝ። በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ናት።

«ኮምፒውተር በከብት የምታየው አንተ ነህ?»

«እንደሱ እንኳ አይደለም። ምን ሆነ?»

«የኛም ደክሞታል። እኛ ጋ በግ የለም። አህያ ግን መስኮቱ ሥር ትታሰራለች፤ እሷ ትሆን?»

«ካሜራ አላችሁ?»

«የለንም።»

አህያዋ እንደማትሆን ብነግራትም አልተዋጠላትም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ፕሮሰሰሩን ሳየው ያለሥራ ተቀምጧል፤ የዘገየው የፋይል ማስቀመጫው በሠርግ ቪዲዮ ጢም ብሎ ስለሞላ ነው። ቪዲዮዎቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሬ ኮምፒውተሩ ሲፈጥን ጸሐፊዋ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። አህያዋን እኔ ሳልደርስ ከቢሮው ጀርባ ወስደው አስረዋታል።

«አየህ» አለችኝ፣ «አህያዋ ከዚህ ስትሄድ ተሻለው።»